«እሺ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የማስተርስ ትምህርቴን በጀመርኩበት ዓመት አማካሪዬ ቢሯቸው ጠርተው የአንድ ቤት ለቤት ጥናት መረጃ ሰጡኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «በሳምንት ስንት ሰዓት ውኃ ለመቅዳት ያጠፋሉ?» የሚል ነበር። «መልስ የጎደለባቸውን ባለፈው ጊዜ እንዳደረግነው አድርጊያቸው» አሉኝ። ባለፈው ጊዜ እኔ አልነበርኩም። «ገባሽ?» ሲሉኝ ግን «የስ» አልኩ። ልወጣ ስል በር ላይ ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ «የስ» አልኩ።

በመረጃው ውስጥ መልስ ያልሰጠ ሰው 99 በሚል ቁጥር ተመዝግቧል። እኔ 99 ሰዓት ነው ብዬ ደመርኩት። ሳምንት 168 ሰዓት ስላለው ቁጥሩ የማይሆን አይመስልም፤ ኮምፒውተሩም አላስጠነቀቀኝም። ስድስት ሳምንት ሠራሁበት። ውጤቱ ለጉባኤ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው አማካሪዬ ግራፉን አዩና አንድ ጫፍ ላይ የተከመረ ነገር አዩ። ለጉባኤው ሳይላክ ቀረ።

ስህተቱን ይቅር አሉኝ። ያልረሳሁት ቀጥለው ያሉትን ነው። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ፣ ሁለቴም ገብቶኛል አልሽኝ። ከእንግዲህ አዎ ስትዪኝ ምን ብዬ ልመን?» አሉኝ። እኔ አክብሬያቸው የተናገርኩት ቃል እሳቸው ጆሮ የደረሰው ውሸት ሆኖ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ፣ ደግሞም በየሴሚስተሩ አዲስ ከሚመጡት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ብዙዎቹ በዚያው በር ሲያልፉ ስለማይ ነው።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ነው ያደግነው። እሺ የሚል ልጅ የጨዋ ልጅ ነው። ነገር ግን ቃሉን ፈታ አድርገን ብናየው ቢያንስ አራት ነገር ተሸክሟል። አንዱ «ሰምቻለሁ» ነው። ሁለተኛው «ተስማምቻለሁ»። ሦስተኛው «አከብርዎታለሁ፣ ፊት ለፊት አልቃወምዎትም»። አራተኛው ደግሞ «በቃ፣ ይህን ወሬ እዚህ ላይ እናብቃው» ነው። አገር ቤት የትኛው እንደሆነ ከድምፁ፣ ከፊቱና ከሰውየው ማንነት እንለየዋለን። «እሺ፣ ይታያል» ያለን የቀበሌ ሠራተኛ ምን እንዳለን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልገንም።

እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን አራቱም እሺዎች አንዲት «የስ» ውስጥ ይገባሉ። ለእኔ ሌላም ምክንያት ነበረ። በአማርኛ ቢሆን አማካሪዬን አንቱ እያልኩ አክብሮቴን በየግሱ አሳያቸው ነበር። እንግሊዝኛ ደግሞ ለፕሮፌሰሩም ለክፍል ጓደኛዬም «ዩ» ነው። አክብሮቴን የማስቀምጥበት ቦታ ሳጣ ጊዜ «የስ» ላይ ጫንኩት። እሳቸው ደግሞ ከዚያች ቃል ውስጥ መረጃ እንጂ አክብሮት አልፈለጉም።

አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው «ቢዮንድ ካልቸር» በተባለ መጽሐፉ ይህን ልዩነት በጥሩ ሁኔታ አስቀምጦታል። አንዳንድ ማኅበረሰብ ዋናውን መልእክት በቃሉ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሌላው ቃሉ ዙሪያ ባለው ነገር ላይ ይተወዋል፤ ማን ተናገረ፣ ለማን፣ የት፣ በምን ፊት። ሰምና ወርቅ የሚወደው የእኛ አነጋገር ከሁለተኛው ወገን ይመደባል ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ችግሩ ወርቁን ፈልጎ ማግኘት የሚያውቅ ሰሚ ሲጠፋ ሰሙ ብቻ እጁ ላይ መቅረቱ ነው።

ነገሩ የባህል ወግ ብቻ እንዳይመስለን አንድ እውነተኛ አደጋ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ አየር መንገድ በረራ 52፣ 158 ሰው ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ይበር ነበር። አየሩ መጥፎ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ እንዲዞር ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ካፒቴኑ የአደጋ ጊዜ ላይ መሆናቸውን ለመቆጣጠሪያው እንዲናገር ረዳቱን አዘዘው። ረዳቱ በእንግሊዝኛ የተናገረው ግን ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ብቻ ነው፤ «ኢመርጀንሲ» የምትለው ቃል ከአፉ አልወጣችም። ካፒቴኑ ነግረኸዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው አዎ ብሎ መለሰ። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወድቆ 73 ሰው ሞተ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባወጣው ሪፖርት ሠራተኞቹ የነዳጁን አስጊነት በሚገባ አለማሳወቃቸውን ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ አስቀመጠ። ሆኖም ጥፋቱን በእነሱ ላይ ብቻ አልጣለም፤ የበረራ ፍሰቱ አያያዝ ጉድለት እንደነበረበት፣ ስለ ነዳጅ እጥረት ሁለቱም ወገን እኩል የሚረዱት ወጥ ቃል እንዳልነበረም ጨምሮ ጽፏል።

ይህን ታሪክ ሳነብ ያ ረዳት አብራሪ ሩቅ ሰው አልመሰለኝም። ነዳጅ እያለቀብኝ «ምንም አይደለም» ያልኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ትምህርቴ ከቤቴ መጣ። እናቴን ሐኪም ቤት ወስጄ አስተረጉምላት ነበር። ሐኪሙ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «ደህና ናት» ብዬ ተረጎምኩ። «ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?» ሲላት ደግሞ «ተመስገን ነው፣ ምን ይደረጋል» አለች። «ብዙም አይደለም» አልኩ። ሐኪሙ ጻፈና ሄደ። መኪና ውስጥ ስንገባ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ ነገረችኝ። «ለምን አልነገርሽውም?» ስላት «ገና ለመጀመሪያ ቀን ያገኘሁትን ሰው በእሮሮ ልቀበለው?» አለችኝ።

እናቴ አልዋሸችም። ምስጋና ለእሷ ሰላምታ ነው፤ የሕመም መግለጫ አይደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉን ተርጉሜ ትርጉሙን ጣልኩት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረትም እኮ አለን፤ እሷም ታውቀዋለች። ማወቅና እንግዳ ፊት ማድረግ ግን ይለያያሉ። በነገራችን ላይ በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለታካሚ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቋንቋ ስለቻልን ብቻ አስተርጓሚ ነን ብለን አንድፈር፤ እንጠይቅ።

ሦስተኛው ደግሞ በምርምር ሥራ የደረሰብኝ ነው፤ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። ለጥናት ወደ አገር ቤት ሄጄ ገጠር ውስጥ ቃለ መጠይቅ አደርግ ነበር። የፈቃድ ቅጹን አነብላቸዋለሁ፤ ለመሳተፍ ይስማማሉ? እላለሁ። ሁሉም «እሺ» ይሉኛል። አንድ አዛውንት ግን እሺ ካሉኝ በኋላ «ልጄ፣ እንግዳ ሆነሽ ደጄ መጥተሽ እንዴት እምቢ እልሻለሁ?» አሉኝ። ብዕሬን አስቀመጥኩ። የእሳቸው እሺ አማካሪዬ ቢሮ ውስጥ ያልኩት የእኔው «የስ» ነበር። በዚህኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ባለ ሥልጣኗ እኔ ሆንኩ።

የአሜሪካ የምርምር ሥነ ምግባር የተመሠረተበት የ1979 የቤልሞንት ሪፖርት ፈቃድ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላል፤ መረጃ መስጠት፣ መረዳት እና ያለ ግፊት በራስ ፈቃድ መወሰን። የአዛውንቱ እሺ የመጀመሪያውን አሟልቷል፤ ሌሎቹን ግን አላረጋገጥኩም። ከዚያ ወዲህ «ይስማማሉ?» ብቻ ማለት ትቻለሁ። «እስቲ ምን ልጠይቅዎ እንደመጣሁ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ፤ ባይፈልጉ ደግሞ ምን እንደሚሆን» እላለሁ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ «እንዲያ ከሆነስ ይቅርብኝ» አሉኝ። ናሙናዬ ትንሽ ቀነሰ፤ እንቅልፌ ግን ተሻሻለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ይሉኝታችንን ጥለን እንደ ፈረንጁ እንሁን የሚል ምክር አልወድም። ይሉኝታ ጎረቤት ያስታምማል፣ ዕድር ያቆማል። የሚያስፈልገን ይሉኝታችን ሳይጎዳ መልእክታችን የሚደርስበት ዘዴ ነው። ለእኔ የሠሩልኝ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መልሶ መድገም ነው። አብራሪዎች ከመቆጣጠሪያው የተሰጣቸውን መመሪያ መልሰው ያነባሉ፤ ነርሶች ታካሚውን የተነገረውን በራሱ ቃል እንዲያስረዳ ይጠይቁታል። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን እናውቀዋለን። እናቶቻችን ሱቅ ሲልኩን «ምን አልኩህ? እስቲ ድገመው» ይሉን አልነበረም? ዛሬ አማካሪዬ ሲያዙኝ «እሺ» ብዬ አልወጣም። «በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ልድገመው» እላለሁ። ሳያሳፍርም ሳያስደፍርም አለመረዳቴን ያወጣዋል።

ሁለተኛው ከስብሰባ በኋላ ሦስት መስመር ኢሜይል መጻፍ ነው፤ ምን ተባለ፣ እኔ ምን እሠራለሁ፣ እስከ መቼ። ፊት ለፊት ለመጠየቅ ለምንፈራ ሰዎች ጽሑፍ ትልቅ ጉልበት ነው። ከአገር ቤት ባልደረቦች ጋር ስንጽፍ ደግሞ ሰዓትና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እናስቀምጥ። «ነገ 3 ሰዓት» አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ነው፤ እዚህ ስልካችን የሚያነበው ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ነው። የስድስት ሰዓቱና የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነት ስንት ስብሰባና ስንት የዕድሜ መረጃ እንዳበላሸ ሁላችንም ቢያንስ አንድ ታሪክ አለን።

ሦስተኛው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን መተርጎም ነው። መጠይቅ ስናዘጋጅ «ቤተሰብ» ብለን የጻፍነውን አንዱ አብሮት የሚኖረውን ይቆጥርበታል፤ ሌላው ውጭ አገር ያለውን ወንድሙን ይጨምርበታል። ስለዚህ አንድ ሰው ይተርጉም፣ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ከዚያም በጥቂት ሰዎች ይሞከር።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ሁልጊዜ የምንለወጠው እኛ ብቻ ነን ወይ?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ፈረንጁም የራሱ ሰምና ወርቅ አለው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ «አንድ ቀን ቡና መጠጣት አለብን» ስትለኝ ቀኑን ስጠብቅ ወር አለፈኝ። ፕሮፌሰር በጽሑፌ ዳር «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ብለው ሲጽፉ ብዙ ጊዜ «አላሳመንሽኝም» ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ሴሚስተር ፈጀብኝ። ስንስማማ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምናሰማትን አጭር ድምፅ የሰማ የላብ ባልደረባዬ ደግሞ «ምን አስደነገጠሽ?» ብሎኛል። በክፍሉ መጨረሻ «ጥያቄ አለ?» ብሎ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ የሚሄድ መምህርም ጥያቄ እንዳልጠየቀ ይወቅ። በተለይ ቪዛው፣ ደመወዙና የማበረታቻ ደብዳቤው በአንድ ሰው እጅ ያለ ተማሪ ዝም የሚለው በባህል ብቻ አይደለም፤ በፍርሃትም ነው። ሥልጣኑ ያለው ወገን ነው መጀመሪያ በሩን መክፈት ያለበት።

ግን እስኪከፍቱልን ስድስት ሳምንት አንጠብቅ። ማኅበራችን አዲስ ተማሪ ሲቀበል የአውቶቡስ መስመርና የእንጀራ ቤት ያሳያል፤ ደግ ነው። ነባር ተማሪዎችና ቀድማችሁ የተመረቃችሁ አንድ ነገር ጨምሩበት። አዲሱን ልጅ ከጎናችሁ አስቀምጡና ያላወቃችሁትን «አውቃለሁ» ያላችሁበትን ቀን ንገሩት፤ ምን እንዳስከፈላችሁም። «አልገባኝም» ማለትን በአማርኛ፣ እኛው መሃል ተለማምዶ ይሂድ።

አማካሪዬ ከዓመት በኋላ ሌላ መረጃ ሰጡኝ። «ገባሽ?» አሉኝ። «አልገባኝም፤ ሦስተኛው ዓምድ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔም አክብሮቴ የት መቀመጥ እንደነበረበት ያን ቀን ገባኝ።