ውሻዎ ምን ምን ይላል?

«ውሻ ያው ውሻ ውሻ ይላል፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላሉ አንዲት የጉለሌ ነዋሪ። ግቢያቸውን የሚጠብቀው ውሻ ሰንበትበት ያለ ነው። ሰሞኑን አፉ ሽንት ሽንት ማለት ጀምሯል፤ እሳቸው ግን ታጥቦ ይለቀዋል ባይ ናቸው።

እሜቴ፣ ይሄ በሳሙና የሚለቅ አይደለም! የአፉ ጠረን ሽንት ሽንት ካለ፣ በዚያ ላይ ውሃ የሚያበዛና የከሳ ከሆነ፣ ኩላሊቱ ደሙን ማጣራት አቅቶት ይሆናል። ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።

እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጣፈጥ ያለ ጠረን ደግሞ የስኳር በሽታ መባሱን ሊያመለክት ይችላል፤ እሱም ለነገ አይባልም። እርሾ እርሾ የሚል ጆሮ ብዙውን ጊዜ ቆስሏል። ከኋላው ዓሣ ዓሣ ብሎ ቂጡን መሬት ለመሬት ከጎተተስ? ሰው ሁሉ «ትል ነው» ይላል፤ ፊንጢጣው አጠገብ ያሉት ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ሞልተውም ይሆናል።

አፍንጫ የማይደርስበት አንድ በሽታ ግን አለ፤ የውሻ እብደት። በጠረን አይታወቅም። ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይሰደድም፤ በሽታው የሚተላለፈው በለሃጭ ነው። ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ለክትባት መሮጥ ነው። የጉለሌ ሰው ይህን አያጣውም፤ «ፓስተር» የሚለው የሠፈር ስም እኮ የመጣው በ1885 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ክትባት ለሰው በሰጡት ሉዊ ፓስተር ከተሰየመው ተቋም ነው።

ለመሆኑ እሜቴ፣ ያን አፍ ከፍተው ሲያሸቱ ውሻዎ ተከትቦ ነበር?