ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ኒካህ



ከግቢያችን ተመርቀው ትዳር የሚመሠርቱ ብዙዎቹ ከሁለት የተለያየ አካባቢ የመጡ ናቸው። በአንዱ ቤት አማርኛ፣ በሌላው ኦሮምኛ፣ ስልጢኛ፣ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ ይነገራል። ግቢ ውስጥ ሳለን ይህ ከባድ ነገር አይመስለንም፤ እኛው ለእኛው እንግባባለን። ጉዳዩ የሚከብደው ሽማግሌዎቻችን አንድ ዳስ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ዕለት ነው።

ባለፈው ጥር በአንድ ጓደኛችን ሠርግ ላይ ይህን በራሴ ስህተት ተምሬያለሁ። ሙሽራዋ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር መንደር ናት፤ ሙሽራው የጅማ ገጠር ልጅ ነው። “አዲስ አበባ አዳራሽ ተከራይተን መሃል ላይ እንገናኝ” የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የሙሽራው አባት “ልጅ የምንቀበለው ከቤቷ ነው” ብለው እምቢ አሉ። ሽማግሌዎቹና እናቶቹ ሁለት ቀን ተጉዘው ወሎ ገቡ። ዳሱን የጣለው፣ ድስትና አግዳሚ ያቀረበው የመንደሩ ቅሬ ነበር።

ሁለቱንም ቋንቋ ስለምናገር አስተርጓሚ ሆኜ ከሼኹ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሼኹ የመህሩን መጠን በአማርኛ ተናገሩ፤ ከፊሉ አሁን እንደሚሰጥ፣ ከፊሉ እንደሚቆይ ገለጹ። እኔ ለጅማዎቹ ሽማግሌዎች ይበልጥ ይገባቸዋል ብዬ “መህር” የሚለውን “ገበራ” ብዬ ተረጎምኩት። ዳሱ ጸጥ አለ። የሙሽራው አጎት “ገበራውን በሽምግልናው ጊዜ ለአባቷ ሰጥተን የለም እንዴ? ስንት ጊዜ ነው የምንጠየቀው?” አሉ። የወሎዎቹ የሚሉት ባይገባቸውም የፊታቸውን መለወጥ አይተው “መህሩን ከለከሉ” እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ።

ሼኹ ወደ እኔ ዞረው “ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ቀና ብለው ጮክ ባለ ድምፅ “መህር! እኔ ያልኩት መህር ነው!” አሉ። የጅማዎቹ ፊት ወዲያው ተፈታ። ቃሉን ከእኔ በላይ ያውቁት ነበር። ሁለቱም ወገን የሚያውቀውን አንድ ቃል፣ ተርጓሚ ነኝ ብዬ የደበቅኩባቸው እኔ ነኝ።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ገበራ የልማድ ነገር ነው፤ ከወንዱ ወገን ለሴቷ ቤተሰብ የሚሄድ። መህር ግን የሙሽራዋ የራሷ ሐቅ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 4ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ለሴቶች እንዲሰጥ ያዘዘው፣ እሷ በገዛ ፈቃዷ ካልለቀቀች በቀር ማንም የማይነካው ሐቅ። “ገበራ” ስል የሙሽራዋን ገንዘብ በአንድ ቃል ለአባቷ አሳልፌ ሰጥቼው ነበር።

በዚህም አላበቃም። ምስክሮቹ ፈቃዷን ሊጠይቁ ወደ ሙሽራዋ ሲሄዱ “የሚቆየው መህር የሚቆየው እስከ መቼ ነው?” ብላ ጠየቀቻቸው። ዳሱ ውስጥ ይህን የጠየቀ አልነበረም። በፊቅህ ወዲያው የሚከፈለው መህር ሙዐጀል፣ የሚዘገየው ሙአጀል ይባላል። በዐረብኛ በአንድ ፊደል የሚለያዩ ናቸው፤ በእኛ አፍ ግን ልዩነታቸው አይሰማም። ቃላቱ ተነግረው ነበር፤ ሁሉም ሰምቶ “አልሐምዱሊላህ” ብሎ አልፏል። በእሷ ጥያቄ ምክንያት ቀሪው የሚከፈልበት ጊዜ ተቆርጦ ተጻፈ።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ሁለት ባህል የሚያገናኝ ሠርግ ስናስብ የምንጨነቀው ለልብሱ፣ ለምግቡና ለመንዙማው ነው። የወሎውም የጅማውም ይቅረብ እንላለን፤ ጥሩ ነው። ለቃሉ ግን አንጨነቅም። የሠርጉ ልብ ደግሞ ቃል ነው፤ ኢጃብና ቀቡል። ሙሽሮቹ፣ ወሊዩና ምስክሮቹ በትክክል ያልተረዱት ቃል ምን ያህል ቢያምር ቃል ኪዳን አይሆንም።

አንዳንድ ወንድሞች “ሁላችንም ሙስሊም ነን፣ ኒካሁ በዐረብኛ ይታሰራል፣ የቋንቋ ጉዳይ ለምን ይነሳል?” ይላሉ። በርካታ ዑለማኦች ግን ተዋዋዮቹና ምስክሮቹ እስከተረዱት ድረስ ኒካህ በሌላ ቋንቋም እንደሚጸና ገልጸዋል። ቁም ነገሩ መረዳቱ ነው። ቋንቋችን መለያየቱም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ በሱረቱ አር-ሩም 22ኛ አንቀጽ ከአላህ ታምራት መካከል ተቆጥሯል።

ሌሎች ደግሞ “ከዚህ ሁሉ ጣጣ ከተማ ላይ ከጓደኞቻችን ጋር ብንጨርሰው ይሻላል” ይላሉ። የመንገዱ ድካምና ወጪ ይገባኛል፤ አቅም የሌለውን ማንም አያስገድደውም። ነገር ግን በሱረቱ አን-ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ ባልና ሚስት ሲጋጩ ከእሱ ቤተሰብ አንድ፣ ከእሷ ቤተሰብ አንድ ሽማግሌ እንዲላክ ታዟል። እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች በሠርጉ ቀን ካልተያዩና ካልተግባቡ፣ የጠብ ዕለት በምን አፍ ሊነጋገሩ ነው? የጓደኛ ጀማዓ ከምርቃት በኋላ ይበተናል። ቤተሰብ ግን ይቆያል።

ዐብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ የተሰደደ ሙሃጂር ነበር፤ ያገባው የመዲና አንሷር ሴት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ መህሩ ስንት እንደሆነ ጠየቁት፤ የተምር ዘር ክብደት ያህል ወርቅ መሆኑን ነገራቸው። በአንድ በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲደግስ አዘዙት። ጥያቄው ግልጽ፣ መልሱም ግልጽ። ከሁለት ከተማ የመጡ ሰዎች ሲጋቡ የተጠየቀው መህሩና ድግሱ እንጂ የአዳራሹ ማማር አልነበረም።

ስለዚህ ለማግባት ላሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች የምመክረው ይህን ነው። አስተርጓሚ የምታደርጉትን ሰው ቀድማችሁ ምረጡ፤ ከቃዲው ወይም ከሼኹ ጋር ከሠርጉ በፊት ያስቀምጡት። ኒካህ፣ ወሊይ፣ መህር የሚሉትን የሸሪዓ ቃላት ሁለቱም ወገን ያውቃቸዋልና እንዳይተረጉማቸው፤ ካስፈለገ ያብራራቸው። የኒካህ ውሉን በፊደልም በቁቤም ጻፉት፤ የመህሩ መጠንና የሚከፈልበት ጊዜ በሁለቱም ላይ በቁጥር ይስፈር። ሙሽራዋ በራሷ ቋንቋ ትጠየቅ፣ ለመመለስም ጊዜ ይሰጣት። ከዚያ በኋላ ባልም የሚስቱን፣ ሚስትም የባሏን ቤት ቋንቋ ተማሩ። ልጆቻችሁ ከአንዷ አያታቸው ጋር በአስተርጓሚ እንዲነጋገሩ አትፍረዱባቸው።

የዚያን ዕለት በሴቶቹ በኩል የሆነውን እህቴ ነግራኛለች። የሙሽራው እናት ከጅማ ጥሬ ቡና ይዘው መጥተው ነበር። የሙሽራዋ እናት ተቀብለው ቆሉት። ሁለቱ እናቶች የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አቦልና ቶናው በዝምታና በፈገግታ ተጠጣ። ሦስተኛው ሲቀዳ የወሎዋ እናት “በረካ” አሉ፤ የጅማዋም “በረካ” ብለው ተቀበሏቸው፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። “አሚን” የሚለውን ግን አንድ ላይ አሉት።

አላህ ለተጋቡት በረካ ያድርግላቸው፤ ላላገባነውም በኸይር ይወፍቀን። አሚን።