«አረፍ በይ» እያልን

እናቴን ወንበር ላይ ያዋልኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቀዳሚው ተከሳሽ ራሴ ነኝ።

ሰማንያ ዓመቷን ስትደፍን ጉልበቷ ዛለ። ያን ጊዜ እኔና እህቶቼ መከርን፤ ሥራዋንም አንድ በአንድ ከእጇ ነጠቅናት። ቡና መቁላቱን «ጭሱ ይጎዳሻል»፣ ምስር መልቀሙን «ዓይንሽ ይደክማል»፣ እንዝርቱን «ለማን ብለሽ ትፈትያለሽ?» እያልን። «እማዬ፣ አንቺ አረፍ በይ!» ጎረቤትም «እናትን መጦር እንዲህ ነው» ሲል አመሰገነን።

እርሷም ታዘዘችን። ረፋዱን ታንቀላፋለች፤ ከምሳ በኋላም ታንቀላፋለች፤ ሌሊቱን ግን እንደ ዘብ ቁጭ ብላ ታነጋለች። ቀኗን የሰረቅናት እኛ መሆናችንን ሳናስተውል፣ ሌሊቷን ልንገዛላት ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥን። የእንቅልፍ ኪኒን ያደነዘዛት እናቴ አንድ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ወደቀች።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ በእርጅና አናሳብብ! ሰውነት ሌሊትን ከቀን የሚለየው በቀን ብርሃንና በቀን ድካም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር አልጋ ላይ መዋል ስለሚያስከትለው ጉዳት በ1947 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ 10 ቀን አልጋ ላይ የቆዩ ጤነኛ አረጋውያን ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ጡንቻ እንዳጡ አሳይቷል። ጤነኛው በ10 ቀን ይህን ካጣ፣ ዓመት ሙሉ የተቀመጠች ደካማ እናት ምን ይተርፋታል? የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበርም እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ለአረጋውያን እንዳይሰጡ የሚመክረው መውደቅንና ስብራትን ስለሚያባብሱ ነው።

«ዕድሜዋን ሙሉ ለፍታለች፤ ማረፍ አይገባትም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይገባታል። ነገር ግን ያልደከመ ሰው ከምን ያርፋል? ችግር ገፍቶ ጉልት ላይ ያስቀመጣትን አሮጊት «በርቺ» ማለቴ አይደለም፤ የእርሷ ጉዳይ ሌላ ዕዳችን ነው። ድንገት የመጣ እንቅልፍም የሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። እኔ የምሞግተው ፍቅር መስሎን የምንፈጽመውን ንጥቂያ ነው።

እንዝርቷን መልሼላታለሁ። ጠዋት ክንዴን ይዛ እስከ አጥሩ በር ትሄዳለች፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። ኪኒኑን በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ተወች። ከለቀመችው ምስር ጠጠር አይጠፋም፤ ቢሆንም እንበላዋለን። ዛሬም ሳትተኛ የምታነጋባቸው ሌሊቶች አሉ። ባለፈው ሰሞን ግን ወደ ማታ «ዛሬስ ደከመኝ» ስትል ሰማኋት። ይህን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር!

አማርኛችን የሞተውንም ሰው «ዐረፈ» ይላል። በሕይወት ያለችን እናት ከጠዋት እስከ ማታ «አረፍ በይ» የምንል ልጆች፣ የምንመኝላት የትኛውን ዕረፍት ነው?