የተሸካሚዎች ድካምና የሥራው ቦታ

በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በሽንሌም ቢሆን እህል የሚያወርደው ተሸካሚ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ክንዱ ሲዝልና ጉልበቱ ሲከዳው፣ አሠሪው «ሰነፍ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። ይህ ፍርድ መጋዘኑን ሳይመረምሩ በሰውየው ብቻ ላይ የሚፈረድ ስለ ሆነ ትክክል ነው ለማለት አይቻልም።

የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኀይል ለሥራው የሚውለው ከሩብ እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል። ይህን ሙቀት ለማውጣት ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፤ ላብም ይፈሳል። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲደርቅ ነውና፣ ነፋስ በማይገባበት የቆርቆሮ ጣራ ሥር ጥቅሙ ያንሳል። እንግዲህ ጡንቻው የሚፈልገውን ደም ቆዳው ይሻማዋል፤ ልብም ከልክ በላይ ትመታለች፤ ውሃና ጨውም ከላቡ ጋራ ይወጣል። ጫት የሚቅመው ሠራተኛ ድካሙ ለጊዜው አይሰማው ይሆናል እንጂ ጡንቻው አላረፈም።

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ጧትና ማታዋ ቀዝቃዛ ነው፤ ሽንሌና አይሻ ግን ቆላ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛውን የቀን ሥራ ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ስምንቱ ሰዓት በንጋት ወይም በቀትር መዋሉን ግን በቦታው ያለው ሹም ሊያስብበት ይገባል። በረመዳን ጾም ቀን ውሃ የማይጠጣውን ሰው በቀትር ማሸከም ከቶ የማይገባ ነው፤ ሥራው ወደ ሌሊት ይዛወር።

ሸክሙም ይታይ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግን በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክር አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳያልፍ አሳስቧል። እህሉን በ50 ኪሎ ጆንያ መክፈል የሚከብድ ነገር አይደለም።

አንዳንድ ባለ መጋዘኖች «ያረፈውን ማን ከለከለው?» ይላሉ። በጆንያ ቍጥር የሚከፈለው ሰው ግን ዕረፍት እንጀራውን ስለሚቀንስበት በራሱ ፈቃድ አያርፍም። ስለዚህ ዕረፍቱን አሠሪው ይዘዝ፤ ሒሳቡም አይጕደል። በመጋዘኑ በር ዳስ ይጣል፤ በግድግዳው ላይ የነፋስ መግቢያ ይከፈት፤ የሚጠጣ ውሃም በቅርብ ይቀመጥ። ውሃ በቦቴ በሚገዛበት አገር ይህ ወጪ መሆኑ አይካድም፤ ወጪው ግን በባለ መጋዘኑ ላይ እንጂ ከተሸካሚው ደመወዝ እንዳይቈረጥ የወረዳው ሹም ይቈጣጠር።