ካቢኔቱን ቀቡት፤ አቧራውን ግን ፍሩት

ወዳጆቼ፣ ጳጉሜን ሲቃረብ አምቦ ላይ ቤት የማደስ ወሬ ይበዛል። ግድግዳው ይቀባል፣ በሩ ይቀባል፣ ቀለም ከተረፈ ደግሞ የወጥ ቤቱ ካቢኔት ይቀባል። እኔ ይሄ ደስ ይለኛል። በመምህር ደሞዝ አዲስ ኤም ዲ ኤፍ ካቢኔት ማሰራት ዘበት ነው። ደግሞም አባቶቻችን በዋንዛ ያሰሩትን ቁም ሳጥን የዛሬው ቺፑድ አያክለውም። ስለዚህ አትጣሉት፣ አድሱት ባይ ነኝ። የምከራከረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሮጌውን ቀለም የምንፍቅበት መንገድ ልጆቻችንን ሊጎዳ ይችላል።

ምክንያቱ እርሳስ ነው። አንደኛ ክፍል የጻፍንበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ስሙ ነው እንጂ ውስጡ ካርቦን ነው። እኔ የምለው ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ በ82ኛ ቁጥር የተማራችሁትን ብረት ነው። የቀለም ፋብሪካዎች በዓለም ዙሪያ ለረጅም ዘመን የእርሳስ ውህዶችን ከዘይት ቀለም ጋር ሲቀላቅሉ ኖረዋል፤ ቀለሙን ያደምቀዋል፣ ቶሎም ያደርቀዋል። በብዛት የሚገኘውም እንደ ቢጫና ቀይ ባሉ ደማቅ የዘይት ቀለሞች ውስጥ ነው። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እኛ አገር መጠኑን የሚገድበው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም በላይ እርሳስ አይፈቅድም። ጥሩ ደንብ ነው። ግን ከዚያ በፊት የተቀባውን ካቢኔት መጥቶ አይፍቅልንም።

የምንፍቀው እኛው ነን። እንዴት? በደረቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ ዝናብ ስለሆነ መስኮት ዘግተን፣ ድስቱና ቡሃቃው ሳይወጣ፣ የሚድኸው ልጅ ወለሉ ላይ እያለ። አቧራው እጁ ላይ ያርፋል፣ እጁ አፉ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕጻን ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ 4 እና 5 እጥፍ ነው፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አይታወቅም። የሚጎዳው ደግሞ አእምሮን ነው።

«እኛ በዚሁ ቀለም አድገን ምን ሆንን?» የሚል አይጠፋም። እርሳስ እንደ ወባ አያንቀጠቅጥም። ትኩረት ይነሳል፣ ትምህርት ያከብዳል። ደም ካልተመረመረ በቀር በዓይን አይለይም። እኛ መምህራን ደግሞ ትምህርት የከበደውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን እናልፈዋለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብር አይጠይቅም።

አሮጌው ቀለም ካልተላጠ ሙልጭ አድርጋችሁ አትፋቁት። ቅባቱን በኦሞና ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፤ በቅባት ላይ የተቀባ ቀለም እንደሆነ ወር አይቆይም። ከዚያ እንጨቱን በትንሹ እያረጠባችሁ ሸከር እስኪል ብቻ አሹት። ቺፑድ ከሆነ ውሃ አታብዙ፣ ያብጣል። አሮጌውን ቀለም በእሳት አታቃጥሉ። በሮቹን ፈትታችሁ ደጅ፣ ፕላስቲክ ላይ ሥሩ። ሲያልቅ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ጣሉት እንጂ እቃ አትጠቡበት። ውሃውን ዶሮ የሚጭርበት ግቢ አትድፉ። እስኪያልቅ ልጆቹ እናቴ ቤት፣ አክስቴ ቤት ይዋሉ።

የጳጉሜን ሩጫም ይቅር። በዝናብ ቀለም አይደርቅም፣ መስኮትም አይከፈትም። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ ፀሐዩም ይገኛል፣ ካቢኔቱም ያምራል። እንግዳ ለእንቁጣጣሽ የሚመጣው ዶሮውን ሊበላ እንጂ ካቢኔት ሊመረምር አይደለም።

ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶ የቀለም ሥራ የያዛችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄ ከማንም በላይ ለእናንተ ነው። እኛ በዓመት አንዴ የምንነካውን አቧራ እናንተ በየቀኑ ትተነፍሳላችሁ። አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ሳትታጠቡ አትብሉ፣ በሥራ ልብሳችሁ ልጅ አትቀፉ። ቀለም ስትገዙም ሱቁን «እርሳስ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሱቁ መልሱን ባያውቅ እንኳ ሦስት አራት ሰው ሲጠይቀው እሱም አከፋፋዩን ይጠይቃል።

ቤቱ ትንሽ ልጅ ላለ ሰው ሼር አድርጉለት። መልካም እድሳት!