የፊርማው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ዘመናዊ ስልክ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ፣ እዚህ ኦስሎ የተሠራ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም በተራ ስልኮች ላይ ኢንተርኔትን ከፍቶ ነበር። ኦፔራ ሚኒ በ2005 በኖርዌይ ተሞክሮ በጃንዋሪ 2006 ለዓለም ተለቀቀ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በኋላ የታከለበት ምርጫ የግዕዝ ፊደል በሌለው ስልክ ላይ እንኳ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ለውጦ ያሳይ ስለነበር፣ የአማርኛ አንባቢ በባዶ ሣጥኖች ላይ ከማፍጠጥ ተገላገለ።

ፕሮግራሙ የተፈረመና ያልተፈረመ ተብሎ በሁለት መልክ ይቀርብ ነበር። ያልተፈረመውን ስልኩ ስለማያምነው ከኢንተርኔት ጋር ለመገናኘት ደጋግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። የተፈረመው ከዚህ ጭቅጭቅ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ፊርማውን ያጸደቀው ተቋም የምስክር ወረቀት አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ከሌለ ከነጭራሹ አይጫንም። የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ጊዜ የተወሰነ በመሆኑ የስልኩ ቀን ሲሳሳትም ያው ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋልና፣ ትናንት የተሰጠው ምስክር ወረቀት ገና ያልተወለደ ይሆንበታል። እንዲህ ሲሆን መውጫው ያልተፈረመውን መጫን ነበር። ያ ሁለተኛ በር ባይኖር ከደጅ የሚቀረው ተጠቃሚ ጥቂት አይሆንም ነበር።

ፊርማ ከንቱ ነው አንልም። አንድሮይድ ያልተፈረመ መተግበሪያ አይጭንም፤ ማሻሻያውም በቀድሞው ቁልፍ ካልተፈረመ አይቀበለውም። ይህ አስመሳይን ይከለክላል፤ አዘጋጁም ቁልፉን ራሱ ስለሚያበጅ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ሆኖም ፊርማ የሚመሰክረው ሥራው ከዚያው እጅ መምጣቱንና በመንገድ አለመነካካቱን እንጂ የእጁን ንጽሕና አይደለም። በጁን 2013 የኦፔራን የውስጥ መረብ ሰብረው የገቡ ሰዎች ጊዜው ያለፈበት የፊርማ ምስክር ወረቀት ሰርቀው ጎጂ ፕሮግራም ፈርመውበታል።

አሁን የተነሣው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው። ጉግል በኦገስት 2025 እንዳስታወቀው፣ እርሱ ዕውቅና በሰጣቸው የአንድሮይድ ስልኮች ላይ የሚጫን መተግበሪያ ሁሉ ማንነቱ በጉግል ከተረጋገጠ አዘጋጅ የመጣ መሆን አለበት፤ መነሻው በሴፕቴምበር 2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ሲሆን ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም ይዛመታል። ከተቃውሞ በኋላ ለተማሪዎችና ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎች የተለየ መንገድ እንደሚተው ገልጿል፤ የመንገዱ ስፋት ግን በራሱ በጉግል ውሳኔ ላይ የቆመ ነው።

የአማርኛ የፊደል ገበታን፣ መዝገበ ቃላትን፣ የጸሎት መጽሐፍን በትርፍ ሰዓቱ ሠርቶ በቴሌግራም የሚያድል ሰው ድርጅት የለውም። በስደት ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ ሕጋዊ ስሙንና አድራሻውን ለሩቅ ኩባንያ መስጠት ለእርሱ የቅጽ መሙላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት ያለ ቤተሰቡንም ያስባል።

ስለዚህ ተጠቃሚው አደጋው ተነግሮት በራሱ ምርጫ የሚጭንበት በር ሳይጠብ እንዲቆይ፣ ማንነት መጠየቁ ካልቀረም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ እንደ ፓስፖርት እንዲቆጠር፣ የተሰበሰበው ስምም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንኛውም መንግሥት እንዳይተላለፍ እንጠይቃለን። የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት ደንቡ አውሮፓ ከመድረሱ በፊት ጉዳዩን በእጁ እንዲይዝ ይህን ጽሑፍ እናቀርብለታለን።