ጥርሱ የወለቀ ጭራቅ

አንድ የሕፃናት መጻሕፍት አሰናጅ፣ አንድ የቆየ የጭራቅ ተረት ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ እንድመልስና ለአጭር የካርቱን ፊልም በሚስማማ መልክ እንድጽፈው ጠይቆኝ ነበር። ካርቲየ 5 በሚገኘው ቤቴ፣ በሐምሌ ወበቅ በላብ እየተጠመቅሁ ሠርቼ ላክሁለት። የመጣልኝ መልስ ሁለት ትእዛዝ የያዘ ነበር። አንደኛው፣ ጭራቁ ሰው መብላቱ ይቅርና በመጨረሻ ተጸጽቶ ከልጆቹ ጋር ለምሳ ይቀመጥ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ተረቱ የአማርኛ መሆኑ አይገለጽ፤ ሽፋኑ ላይ «የአፍሪካ ተረት» የሚለው ይበቃል የሚል። እምቢ አልሁ፤ ክፍያዬም ቀረ። ይህን የማነሣው ስለ ገንዘቡ ብዬ አይደለም። ሁለቱ ትእዛዛት ዛሬ በመጽሐፍም በፊልምም በጥንት ተረቶች ላይ የሚፈጸመውን በደል አጠቃልለው ስለያዙ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ተረት አይነካ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በአማርኛ «ውርስ ትርጉም» የሚባል ድንቅ ስያሜ አለን፤ ወራሽ የወረሰውን ቤት ማደስ፣ ግድግዳውንም ማፍረስ ይችላል። አባቶቻችንም አድርገውታል። የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ከሕንድ ተነሥቶ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ተሻግሮ፣ የክርስቲያን መጽሐፍ ሆኖ ዐረብኛ ደረሰ፤ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1553 «በረላም ወይዋስፍ» ብለው ወደ ግዕዝ መለሱት። በዚህ ጉዞ የባለታሪኩ ስምም ሃይማኖትም ተለውጧል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ንጉሡ ልጁ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዘጋበታል፤ ልጁ ግን ወጥቶ ያያል። ታሪኩ የቆመው በዚህ ላይ ነው። የዛሬዎቹ አሰናጆች የሚሠሩት የንጉሡን ሥራ ነው፤ በሩን ይዘጋሉ።

የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እናስታውስ። የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው ይህ ሥራ መነሻው የፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ናቸው። ተክለ ሐዋርያት አውሬዎቹን አምጥተው በአዲስ አበባ መኳንንት ፊት አናገሯቸው። የሚናገሩት ስለ አስተዳደሩ ብልሹነት ነበርና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ። የባዕድ አገር ተረት አዲስ አበባ ላይ የታገደው ጥርሱን ይዞ በመምጣቱ ነው። እሹሩሩ የሚል ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር?

እዚህ ሰፈራችን የሐበሻ ልጆች ከእናታቸው ጭራቅን፣ ከሶማሌ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ዴግዴርን ይሰማሉ። ስሟ «ጆሮ ረጅም» ማለት ነው፤ ሰው በላ ናት፤ የሸሸን ሰው ኮቴ ከሩቅ ትሰማለች። እርሷ ስትሞት ለምድሪቱ ዝናብ ይመለሳል። ዴግዴር ተጸጽታ ምሳ ብትጋብዝ ዝናቡ ስለ ምን ይዘንባል? የጎረቤቴ የስምንት ዓመት ልጅ ተረቱን በሰማ ማግሥት የጠየቀኝ «ለምን ትበላለች?» ብሎ አልነበረም፤ «ልጆቹ እንዴት አመለጡ?» ብሎ ነበር። ልጅ ከተረት የሚፈልገው የማምለጫውን መንገድ ነው። አደጋውን ስናጠፋ መንገዱንም እናጠፋበታለን።

«ፊልም ከቃል ይበረታል፤ ሕፃን ያስደነግጣል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። እናት የልጇን ፊት እያየች ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ቴሌቪዥን ይህን አያውቅም። መፍትሔው ግን የሚታየውን መመጠን እንጂ ታሪኩን መዋሸት አይደለም። ጥላ ይበቃል፤ ኮቴ ይበቃል፤ ከበር በስተጀርባ ብቅ የሚል አንድ ረጅም ጆሮ ከበቂም በላይ ነው።

ባለቤቱን ስለ መደበቅ ደግሞ ሁለት ፈረንሳውያን ይመስክሩ። ላ ፎንቴን እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሁለተኛ መድበሉ፣ ለሕንዳዊው ጠቢብ ለፒልፓይ ባለዕዳ መሆኑን በመቅድሙ ገልጿል። አንትዋን ጋላን ግን የአላዲንን ተረት እ.ኤ.አ. በ1709 ፓሪስ ውስጥ ከሐለብ ተወላጁ ከሐና ዲያብ አፍ ሰምቶ በ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ውስጥ ሲያሳትመው የነጋሪውን ስም አላነሣም። አላዲን እ.ኤ.አ. በ1992 በካርቱን፣ በ2019 ደግሞ በተዋንያን ዓለምን ሲዞር ሐና ዲያብን ያስታወሰ ተመልካች ስንት ነበር? «የአፍሪካ ተረት» የሚለው ሽፋንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። አፍሪካ የሚባል ተረት ነጋሪ የለም፤ ያለችው የጎጃም አያት ናት፤ ያለው የታጁራ አፋር ሽማግሌ ነው።

ነጋሪዎቻችን ተረታቸውን ሲጨርሱ ተረቱ እንዲመለስላቸው፣ አፋቸውም በዳቦ እንዲታበስ ይጠይቃሉ። አሰናጆች ሆይ፣ እንዳሻችሁ አልብሱት፣ በወደዳችሁት ቋንቋ አናግሩት። ዳቦውም ቢቀር ግድ የለም። ተረቱን ግን ከነጥርሱና ከነስሙ መልሱልን።